ማን ወሰደው? ማን ገደለው? ብሎ መጠየቅ ሥራ ፈትነት ነውን?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሚያነብ የተማረ ወጣት በአገራችን እንደ ጥፋተኛ የሚሽኮረመም ሰው ነው። መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኖ ይይዛል፤ ወይም ሽፋኑን ወደ ጉልበቱ ደፍቶ ይቀመጣል። ምን እንደሚያነብ ሲጠየቅም «እንዲያው ለጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብሎ ይገላገላል። ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ወይም ስለ አስተዳደር ሕግ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ በብብቱ የያዘው ጓደኛው ግን፥ ከመቅድሙ ባያልፍም እንኳ፥ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። እኛ ዛሬ ጥብቅና የምንቆመው ለመጀመሪያው ወጣት ነው። እንዲያውም በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ለያዘውና ነገ ለሚይዘው ትውልድ፥ ይህ የተናቀው ቀጭን መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ ከወፍራሙ የበለጠ ያስተምረዋል ለማለት እንደፍራለን።

የምንናገረው ሽጉጥ ስለሚተኮስበትና መኪና ከገደል ስለሚገባበት ታሪክ አይደለም። የምንናገረው ስለ ለዘብተኛው ዓይነት ነው። ጥቂት ሰዎች ለዕረፍት ወደ አንድ ሩቅ ደሴት ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሞቶ ይገኛል፤ ፖሊሱ ሩቅ ነው ወይም ነገሩ አልገባውም፤ ምስጢሩን የሚፈታው ሹመትም ደመወዝም የሌለው ተራ ሰው ነው። ደም ብዙ አይታይም፤ ሻይ ግን በብዛት ይጠጣል።

አጋታ ክሪስቲ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ያወጣችው የካሪቢያን ደሴት ታሪክ ለዚህ ዋና ምሳሌ ይሆነናል። ሚስ ማርፕል የተባለችው ያላገባች አሮጊት የሳንባ ምች ታምማ ከዳነች በኋላ፥ የወንድሟ ወይም የእኅቷ ልጅ ከፍሎላት ፀሐይ ወደ በዛበት ደሴት ለማገገም ትሄዳለች። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፤ ዘንባባው ለምለም ነው፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አሮጊቷም ከልቧ ይሰለቻታል፤ በመንደሯ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደርሳል፤ እዚህ ግን ምንም የለም። ታዲያ ተረቱን ማንም የማይሰማው አንድ ሽማግሌ ሻለቃ የነፍሰ ገዳይ ፎቶግራፍ ሊያሳያት ከኪሱ ሲያወጣ፥ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አንድ ነገር ያያል፤ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ፎቶግራፉን መልሶ ሌላ ወሬ ይጀምራል። በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ሰው ሁሉ የደም ግፊት ነው አለ። አሮጊቷ ግን ያ ፎቶግራፍ ወዴት ሄደ ብላ ጠየቀች። መሣሪያዋ የሹራብ መሥሪያ ብቻ ነው፤ ዕውቀቷም በመንደሯ ያየችው የሰው ጠባይ ብቻ ነው። መጨረሻውን አንናገርም፤ ያላነበበ ያንብበው።

ደሴት ለዚህ ዓይነት ታሪክ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ይኸው ደራሲ በ1939 ባሳተመችው ሌላ መጽሐፍ ዐሥር ሰዎች በእንግሊዝ አገር ዳርቻ ወዳለች ትንሽ ደሴት ተጋብዘው፥ ጋባዡም ሳይታወቅ፥ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ከውጭ የገባ የለም፤ ከውስጥ የወጣ የለም። ስለዚህ ጥፋተኛው ከመካከላችን ነው ማለት ነው። አንባቢው እያንዳንዱን ፊት ለብቻው እንዲመረምር ይገደዳል፤ «አንድ የማይታወቅ ወንበዴ መጥቶ ሄደ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

ይህ የፈረንጅ ብልኀት ነው የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም። ባሕር በሌለበት ደሴት መሥራትን አያቶቻችን ያውቁበት ነበር። በገጠራችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለ ሥርዓት ነበረ፤ የሕግ ተማሪዎች ስለዚህ ነገር ያውቃሉ። ከብት ሲነዳ፥ ጎተራ ሲዘረፍ፥ ቤት ሲቃጠል፥ ሰው ተገድሎ ሲገኝና አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፥ ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ መቀጫ ይከፍላል። የመጣውም አድራጊው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እርሻው ጾሙን ቢያድር፥ ከብቱ ቢጠማ፥ ንቅንቅ የለም። ይህ ሜዳ ከክሪስቲ ደሴት በምን ይለያል? ባሕሩ የአስተዳዳሪው ትእዛዝ ነው፤ ማዕበሉም መቀጫው ነው።

ልዩነቱ ግን አለ፤ ልዩነቱም ዋናው ነገር ነው። በአውጫጭኝ ሜዳ የሚያውቅ ሰው በግልጽ ቆሞ ላይናገር ይችላል። ጠላት እንዳይገዛ ስሙ ተደብቆ በሌላ አፍ ይነገርለታል፤ ይህም ነጋሪ «ወፍ» ይባል ነበር። ዛሬም በቢሮ ወሬ ስንሰማ «ወፍ ነገረችን» የምንለው ያለ ነገር አይመስለንም። ወፏ እውነት ልትናገር ትችላለች፤ ነገር ግን በምን እንዳወቀች አትጠየቅም፤ ቂም እንዳላት አይመረመርም። ተከሳሹ ማን እንደ ከሰሰው ሳያውቅ ይጠፋል።

ከዚያ የባሰም ነበረ፤ ሌባ ሻይ ይባላል። አንድ ልጅ መድኃኒት ገብቶበታል የተባለ መጠጥ ይጠጣና ያስክረዋል፤ ወገቡ በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ከገባበት ቤት ከተኛ ባለቤቱ ሌባ ነው ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ሮናልድ ኖክስ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ በ1929 ስለ ምርመራ ልብ ወለድ ዐሥር ደንቦች ጽፎ ነበር። ከደንቦቹ አንዱ ከተፈጥሮ በላይ በሆነ ነገር ምስጢር መፍታትን ይከለክላል፤ ሌላው መርማሪው ያገኘውን ምልክት ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው እንዲያሳይ ያዛል። ቄሱ እየቀለደ የጻፈው ነው ይባላል። ነገር ግን በነዚህ በሁለቱ ቀልዶች ሌባ ሻይም ወፏም ከፍርድ አደባባይ ይባረራሉ። አሮጊቷ ማርፕል ጥፋተኛውን ስትጠቁም በምን እንዳወቀች በሰው ሁሉ ፊት መዘርዘር አለባት፤ እኛም መጽሐፉን ወደ ኋላ ገልጠን ማስረጃው ከፊታችን እንደ ነበረ ማየት አለብን። ካላገኘን ደራሲዋ አጭበርብራናለችና መጽሐፉን እንወረውራለን።

ሌባ ሻይ ቀርቷል፤ አውጫጭኝም የድሮ ወግ ሆኗል። ልማዱ ግን ከቀረ ይመስላችኋልን? ከመሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ይጥፋ፤ ማኅተም ይሁን፥ ስልክ ይሁን፥ የገንዘብ ፖስታ ይሁን። መጀመሪያ የሚጠራው ማን ነው? ዘበኛው ነው፤ ቀጥላ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ቀጥሎ ተላላኪው ነው። ክራባት ያሰረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሲጠየቅ ያየ ካለ ይንገረን። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ቁልፍ የሚይዙት እነርሱ ናቸው» ነው። ነገር ግን ዘበኛው ስለ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ማን በስንት ሰዓት እንደ ወጣ፥ ማን ምሽት ተመልሶ እንደ ገባ፥ ማን ወትሮ ሰላም የማይለው ያን ቀን ሰላም እንዳለው ያውቃል። እንደ ምስክር ቢጠየቅ ምስጢሩን በግማሽ ሰዓት ይፈታው ነበር፤ እንደ ሌባ ስለ ተጠየቀ ግን አፉን ይይዛል። በምርመራ ልብ ወለድ የሠለጠነ ወጣት ሹም ይህን ስሕተት በቀላሉ አይሠራም። ከሁሉ የተከበረው፥ ከሁሉ የተረጋጋው፥ «ጉዳዩን ቶሎ እንዝጋው» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚደብቅ ከሃያ መጻሕፍት ተምሯልና።

እንግዲህ ስለ ፍርድ ይህን ካልን፥ ስለ ማየት ደግሞ እንናገር፤ ለዚህም ወደ ጉለሌ እንውጣ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ፥ በእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ላይ የተዘረጋው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት አለው፤ ያቋቋሙትም የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ሆነው ነው። ለዕረፍት ወደ ካሪቢያን የሚልከው ዘመድ ለሌለው ተማሪና ለጀማሪ ሠራተኛ ደሴቱ ይኸው ነው፤ በባሕር ፈንታ ከተማ ከብቦታል። በቦታው ላይ ለብዙ ዘመን ነግሦ የኖረው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አሁን በዚያ ፈንታ ጥድ፥ ወይራ፥ ኮሶና ሌሎች ያገር ዛፎች እየተተከሉ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር ሣሩ ለምን እንደሚሳሳ የጠየቀ ሰው አንድ ትንሽ የግድያ ምርመራ ጀመረ ማለት ነው፤ ውሃውን ማን ጠጣው? መሬቱን የሸፈነው ቅጠል ምን ዓይነት ዘይት አለው? ጥላው ስንት ሰዓት ይቆያል?

ወደዚያ ስንሄድ ከጓደኞቻችን አንዱ የእንግሊዝኛ ምርመራ ልብ ወለድ ይዞ ነበር። ዳቱራ ስለሚባል መርዛም ተክል አንብቦ፥ በሩቅ ምሥራቅ ወይም በሕንድ አገር ብቻ የሚበቅል ነገር መስሎት ያስረዳናል። ከመንገዱ ዳር ነጭ ጡሩምባ የመሰለ አበባና እሾኻም ፍሬ ያለው አንድ አረም ቆሟል። በአጠገባችን ያርም የነበረውን ሽማግሌ «አባባ፥ ይህ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅነው።

«አስተናግር ነው ልጆቼ፤ አትንኩት። የቀመሰው ሰው ሲለፈልፍ ያድራል» አለን።

ጓደኛችን ያስረዳን የነበረው ዳቱራ ይኸው ነበር! የላቲኑን ስም ከለንደን ወረቀት ላይ አጥንቶታል፤ ተክሉን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲረግጠው ኖሯል። ያማርኛው ስም ደግሞ መጽሐፉ በሦስት ገጽ ያስረዳውን በአንድ ቃል ይናገራል፤ አእምሮን አናውጦ ያስለፈልፋልና አስተናግር ተባለ። ጉሎም እንዲሁ ነው። በየአጥሩ የሚበቅል፥ በአንዳንድ ቤት ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ የሚሆን ተራ ነገር ነው። ከዚህ ፍሬ የሚወጣውን ራይሲን የተባለ መርዝ ክሪስቲ በታሪኮቿ ውስጥ አስገብታዋለች፤ በ1978 ደግሞ ጆርጂ ማርኮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ ደራሲ በለንደን ጎዳና የተገደለው በዚሁ መርዝ ነው።

ክሪስቲ ይህን ዕውቀት ከሰማይ አላገኘችውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ መድኃኒት እየመዘነች ትሠራ ነበር፤ ፈተናም ወስዳለች። ሸርሎክ ሆምስ እንኳ፥ በ1887 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ፥ ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን ዕውቀቱን ሲመዘግብ ስለ መርዝ ዕፅዋት ብዙ እንደሚያውቅ፥ ስለ አትክልት ሥራ ግን ምንም እንደማያውቅ ጽፎበታል። በዚህ በኩል አትክልተኛዋ ማርፕል ትበልጠዋለች ባዮች ነን። በአገራችን ደግሞ ይህን ለመማር የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ አላጣም፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የመሩትና በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት 6,000 ያህል ዝርያዎችን መዝግቧል። ከዚህ ውስጥ ሃያውን በስማቸው የሚጠራ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ስንት ይሆን? እኛ በዚያ ቀን ቆጥረን ከዐሥራ አንድ አላለፍንም፤ ከዐሥራ አንዱም ሁለቱ የሚበሉ ናቸው።

ጨዋታ ነው የምትሉን እንደሆነ፥ ከልብ ወለድ ወጥተን በአገራችን በእውነት የተፈታ አንድ ምስጢር እንንገራችሁ። ዘመኑ በፈረንጆች 1964 ነው፤ ቦታው ዓድዋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ገና ሠላሳ ዓመት ግድም የሆናቸው ኢትዮጵያዊ፥ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው መመለሳቸው ነበር። የመጡት የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በየወንዙ ሊመረምሩ ነው። በወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ እንደ አያቶቻቸው የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ዶክተሩ ውሃው አረፋ ይዞ ከሚወርድበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከልብስ አጣቢዎቹ በላይ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ናቸው፤ ርቆ ከታችም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ወንዝ ስንት ሰው አልፏል? ስንት ሹም፥ ስንት መምህር፥ ስንት ሐኪም ተሻግሮታል? ሬሳዎቹ ለሁሉ ይታዩ ነበር። ቀንድ አውጣ ሞቶ ማየት ግን ለማንም ጉዳይ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ጠየቁ፤ ገምተውም አልቀሩ። ከአጣቢዎቹ በላይ ካለው ውሃ ደኅናዎቹን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ አደረጉና አንዲቱን ሴት ከእንዶዷ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። ጥቂት ቆይቶ ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማትረው ሞቱ። ወፍ አልነገረቻቸውም፤ ሰክሮ የተንገዳገደ ልጅም አልመራቸውም። ማስረጃው በዕቃው ውስጥ፥ በሰው ሁሉ ፊት ነበር። ሴትዮዋም በነገሩ ውስጥ ተጠርጣሪ ብቻ አልነበረችም፤ ዋና ምስክርና የሙከራው ረዳት ሆነች። ስሟን የሚነግረን አለመኖሩ ያሳዝነናል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዳኝነት ከምርመራው ይልቅ ረዘመ። በድሀ አገር ወንዝ ዳር የተገኘ፥ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ፍሬ፥ ለዓለም በሽታ መከላከያ ይሆናል ብሎ የውጭውን አዋቂ ማሳመን ቀላል አልነበረም። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው፤ ይህም ከዓድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐርፈዋል። ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። ተማሪዎች በደጁ ሲያልፉ ወንዙን ያስቡ እንደሆነ አናውቅም።

ሰው ሲሞት እያነበቡ መዝናናት ነውር አይደለምን? የሚል ጥያቄ ቀርቦልናል። መልሳችን አጭር ነው። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሞት የደጁ ቁልፍ ነው እንጂ ድግሱ አይደለም። እውነተኛ ግድያ ከጋዜጣ ላይ እየለቀመ በየቡና ቤቱ የሚያጣጥመው ሰው ይህን ጥያቄ ከኛ በፊት ራሱን ይጠይቅ።

የቀረን አንድ ቅሬታ ነው። በአማርኛ የስለላ ታሪክ አላጣንም፤ አቶ ማሞ ውድነህ ብቻቸውን አንድ ትውልድ በስለላ መጻሕፍት አስነብበዋል። ይህ የዕረፍት ቀን ምርመራ፥ ይህ የአሮጊትና የደሴት ነገር ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ደሴት አጥተን ነውን? ጣና ከሠላሳ በላይ ደሴቶች አሉት። በዝዋይ ሐይቅ መካከል በቱሉ ጉዶ ደሴት የዛይ ሕዝብ እያረሰና ዓሣ እያጠመደ ይኖራል፤ ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ ምስጢር መደበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። መርማሪዋም አልጠፋችንም። በየሰፈራችን ማን ሙቀጫ ከማን ተውሶ እንዳልመለሰ፥ የማን ልጅ ለምን ትምህርት ቤት እንደ ቀረ፥ ማን ዕቁብ በጣለበት ቀን ለምን እንዳልሣቀ የምታውቅ አንዲት እትዬ አለች። ወሬኛ እንላታለን እንጂ ዕውቀቷን አንመዝነውም።

ደፋር ደራሲ ከተገኘ መነሻ እንስጠው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በጣና ዳር ለስብሰባ ሄደው፥ ወንዶቹ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ይሻገራሉ፤ ሴት አይገባበትምና ቡና እያፈላች የተከተለቻቸው እትዬ ከጀልባው ትቀራለች። ሌሊት ከእንግዶቹ የአንዱ የገንዘብ ቦርሳ ይጠፋል። ሁሉም ታንኳ ቀዛፊውን ይከሳል። የደንገል ታንኳ ውሃ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ማታ ከውሃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይቆማል። ጧት አራት ታንኳዎች ተደርድረው ቆመዋል። ሹማምንቱ በደሴቱ ላይ ተሰብስበው ይጮኻሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። እትዬ ከጀልባው ሳትወርድ ከሩቅ ታያለች፤ ሦስቱ ነጭተዋል፤ አራተኛው ከታች እስከ ወገቡ ጠቁሯል፤ ከሥሩም ጠብ ጠብ ይላል። ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ ታነሣና፥ «እናንተ ልጆች፥ ሌሊት ጫማው የረጠበው የማነው?» ትላለች።